የአፈሩም ዕውቀት ላራሹ፤ የቤተ ሙከራ ቁጥሮችና የኮኪት ጥቁር ምድር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ለዘመናት በጭሰኝነት ቀንበር ሥር ሲማቅቅ የኖረውን ገበሬ ከባለርስቱ ጋር ያስተሳሰረውን ሰንሰለት በጠሰ። ከዚያ ወዲህ በሀገራችን ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ መንግሥታት አልፈዋል፤ አዋጆች በአዋጆች ተተክተዋል። ይሁን እንጂ ያ አዋጅ ብቻውን ሊፈታው የማይችለው፣ እስከ ዛሬም ሳይፈታ የቆየ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም መሬትን በእጅ ማድረግና መሬትን ማወቅ አንድ አለመሆናቸው ነው። እርሻውን የሚያርሰው ገበሬው ሆኖ ሳለ ስለ እርሻው አፈር የሚናገረው ወረቀት በሌላ ቋንቋ ተጽፎ በሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አራሹ ከዋነኛው የምርት መሣሪያው በከፊል እንደተነጠለ ይኖራል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ጉዳይ በአንድ ተጨባጭ ሥፍራና በአንድ ተጨባጭ ሰብል ላይ አድርገን እንመለከተዋለን። ሥፍራው ኮኪት፣ ሰብሉ ሐብሐብ ነው።

ኮኪት በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ ወረዳ፣ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ለሀገር ዳር ድንበር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ምድር ነው። ስለ መተማ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ድንበሩን፣ ሰሊጡንና ሙቀቱን ነው። ስለ አፈሩ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የአካባቢው ሜዳ በአመዛኙ ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ጉድጓድ ይከፍታል፤ በክረምት አብጦ ይዘጋል፤ ሲርስ ከእርፍና ከጫማ አልላቀቅ ይላል። በሀገራችን ይህን መሰሉ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። ዓይን ሲያየው ጥቁር ነው፤ ጥቁር አፈር ደግሞ በሕዝባችን ዘንድ የለምነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው ወደዚህ ቆላ የወረደው ገበሬም ይዞት የመጣው ግምት ይኸው ነበር። ሆኖም የዋልካ ጥቁረት በአብዛኛው ከሸክላው ባሕርይ የሚመጣ እንጂ የብስባሹ ብዛት ምስክር አይደለም። ቀለሙን አይቶ በልቡ የተማመነ ገበሬና ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ እየዘራ ያለ ማዳበሪያ የሚያጭድ ባለሀብት ሁለቱም መሬቱ እየከሳ መሆኑን የሚያውቁት ከዘገየ በኋላ ነው።

ወደ ሐብሐቡ እንምጣ። ሱዳኖች ባጢኽ የሚሉት ይህ ፍሬ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ዛሬ በዓለም ገበያ ለሚሸጠው ጣፋጭ ሐብሐብ ከዱር ዘመዶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው በሱዳን ኮርዶፋን የሚበቅለው፣ ውስጡ ነጭ የሆነና የማይመር ሐብሐብ መሆኑን አመልክቷል። ከመተማ ድንበር ማዶ ካለው ሀገር የወጣው ዘር ዓለምን ዞሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቴኔሲ ውስጥ 159 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፍሬ ሰጥቷል። በሰው ልጅ ሥራ መጠን እንዲህ ሲያድግ ማየት ያስደንቃል። ሆኖም አንድ ፍሬ እንዲህ የሚገዝፈው በመጀመሪያ ዘሩ ለግዝፈት የተመረጠ በመሆኑ፣ በሁለተኛም ከአንዱ ሐረግ ላይ ሌሎቹ ፍሬዎች ሁሉ ተቀንጥሰው ምግቡና ውኃው ለአንዱ ብቻ በመተዉ ነው። አፈሩ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ይህን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊከተለው አይችልም፤ በጭነት መኪና ላይ የሚፈነዳ ግዙፍ ፍሬ ከአሥር መካከለኛ ፍሬዎች ያነሰ ዋጋ አለው። ቢሆንም በገበያ ላይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ስለሆነ፣ በጓንግ ወይም በገንዳ ውኃ ወንዝ ዳር በመስኖ ሐብሐብ ለመትከል የሚነሣ ገበሬ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ፍሬው እንዲተልቅ ምን ልጨምር?» የሚል ነው። ከዚያም አፈርህን አስመርምር ይባላል። ያስመረምራል። በቁጥሮች የተሞላ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በወረቀቱ ላይ «ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.08 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በግምት 2.4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ይመዝናል። 0.08 በመቶው ሲሰላ 1,920 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይሆናል። ይህንን ያየ ሰው ዩሪያ ምን ያደርግልኛል ሊል ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ክምችት እጅግ የሚበዛው በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የሚኖር ሲሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈትቶ ለተክል የሚደርሰው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ብንወስድ 38 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በክረምት ዋልካው ውኃ ቋጥሮ ሲተኛ ከዚሁም ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። እንግዲህ 1,920 የሚለው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ 38 የሚለውም ሐሰት አይደለም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በመኖርና በመድረስ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ በጎተራ እህል እያለ በማዕዱ ላይ እንጀራ እንደሚጠፋ ሁሉ።

የፎስፈረስ ቁጥር ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስታል። ቤተ ሙከራው ፎስፈረስን ከአፈሩ አሟሙቶ የሚያወጣበት ፈሳሽ ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው ይለያያል። ኦልሰን የተባለው ዘዴ ከገለልተኛ እስከ አልካላይን ለሆኑ አፈሮች የተዘጋጀ ነው፤ ብሬይ የተባለው ለኮምጣጣ አፈር ይስማማል፤ ሜህሊክ 3 የተባለው ደግሞ በአንድ ፈሳሽ ብዙ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ በስፋት ይሠራበታል። ከአንድ ባልዲ የተቀዳ አንድ አፈር በኦልሰን ሲለካና በሜህሊክ ሲለካ አንድ ቁጥር አይሰጥም፤ በአመዛኙ የሜህሊኩ ከፍ ይላል። በመሆኑም «ፎስፈረስ 18» የሚል ወረቀት፣ ዘዴው በኦልሰን ከሆነ መሬቱ በቂ አለው ያሰኛል፤ በሜህሊክ ከሆነ ግን ገና የጎደለ ሊሆን ይችላል። የዘዴው ስም ያልተጻፈበት የምርመራ ውጤት ለገበሬው ምንም አልነገረውም ብንል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ላይ የመለኪያው ጣጣ ይጨመራል። ኤን ፒ ኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፈው 38 የፎስፌት መጠን እንጂ የፎስፈረስ አይደለም። ወደ ፎስፈረስ ለመመለስ ለ2.29 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ከመቶ ኪሎው ውስጥ የሚገኘውም 16.6 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ወረቀቱ በአንድ ቋንቋ፣ ጆንያው በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በመካከላቸው የቆመው ገበሬ ግን የሁለቱንም ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል።

ፖታሲየምን በሚመለከት አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንጠይቃለን፤ ለሐብሐብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይኸው ነውና። ስኳሩን ከቅጠል ወደ ፍሬ በማጓጓዝና የውኃውን ሚዛን በመጠበቅ ሥራ ላይ ዋነኛ ድርሻ አለው። አንድ የዋልካ ናሙና በኪሎ ግራም 195 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ቢያሳይ፣ በተለመደው ሰንጠረዥ ከመካከለኛው ተርታ ይሰለፋል፤ የሚያሰጋም አይመስልም። ይሁንና የዋልካ ሸክላ ንጥረ ነገሮችን የመያዝ ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ያ 195 ሚሊ ግራም በሸክላው ላይ ካለው ቦታ ሁሉ የያዘው አንድ መቶኛውን ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። የተረፈውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዘውታል፤ ሥሩም ፖታሲየምን ሊስብ ሲሻ ከእነርሱ ጋር ግፊያ ይገጥመዋል። ይህ የድርሻ መመዘኛ በባለሙያዎች ዘንድ የሚያከራክር መሆኑን አንሰውርም። ነገር ግን ብቻውን የቆመ ቁጥር ከአካባቢው ተነጥሎ ሊነበብ እንደማይገባው ለማሳየት ይበቃል።

ይህ ጉዳይ የአንድ ማሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሀገር ደረጃ ያስከፈለንን ዋጋ መመልከት ይጠቅማል። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ኤች. ኤፍ. መርፊ የተባሉት አሜሪካዊ ባለሙያ በኢትዮጵያ አፈሮች ለምነት ላይ ሰፊ ጥናት አካሂደው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። በጊዜው ለነበረው ዕውቀት ትልቅ አስተዋጽኦ ነበር። ከዚያ ጥናት የተወሰደውና ከአንዱ የባለሙያ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረው መደምደሚያ ግን «የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም» የሚል ነበር። በዚህም የተነሣ ለአሥርተ ዓመታት ለገበሬው ይቀርብለት የነበረው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲሆን፣ ምክሩም በደጋውም በቆላውም፣ በቀዩም በጥቁሩም አፈር ላይ አንድ ነበር፤ በሄክታር መቶ ኪሎ ከዚህ፣ መቶ ኪሎ ከዚያ። በአንድ ዘመን የተለካ ቁጥር የዘላለም ሕግ ሆነ። አፈሩ በየዓመቱ ሲታረስ፣ ገለባውና አገዳው ለከብትና ለማገዶ ሲጋዝ፣ ቁጥሩ ግን በመጽሐፍ ውስጥ ሳይለወጥ ተቀመጠ። በእንቅስቃሴ ላይ ያለን ነገር እንደቆመ አድርጎ የማየት ልማድ ከዚህ የጎላ ምሳሌ አይገኝለትም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት ይህንን ልማድ ለመስበር የተነሣ ትልቅ እርምጃ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ተሰብስበው የወረዳዎች ካርታ ተዘጋጀ፤ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ሥፍራ እንደሚያንሱ፣ ፖታሲየምም በአንዳንድ ቦታዎች እንደሚጎድል ታየ፤ ቅይጥ ማዳበሪያዎችም ገቡ። ሥራውን እናደንቃለን። ነገር ግን ካርታውን ወደ ማሳ በማውረዱ ላይ ያው አሮጌ ዝንባሌ በአዲስ ልብስ ብቅ አለ። ቀድሞ ለሀገር በሙሉ አንድ የነበረው ትእዛዝ አሁን ለወረዳ በሙሉ አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በገበሬዎች ማሳ ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች፣ ምርትን በዋነኛነት የሚይዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደሆኑ መቀጠላቸውን፣ የሌሎቹ ጥቅምም ከሥፍራ ሥፍራ፣ ከዳገት ወደ ሜዳ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በቤተ ሙከራ «ዝቅተኛ» የተባለ ሁሉ በማሳ ላይ ሲጨመርለት ምርት ይሰጣል ማለት አይደለም። በቁጥሩና በምርቱ መካከል ያለው ዝምድና በዚያው አፈር፣ በዚያው ሰብል ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት። ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ የተቀዳ የሐብሐብ ሰንጠረዥ የተፈተነው በፍሎሪዳ ወይም በጆርጂያ አሸዋማ መሬት ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አሸዋና ዋልካ ደግሞ ምንና ምን ናቸው!

ሩሲያዊው ሊቅ ዶኩቻዬቭ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሀገሩ ጥቁር አፈር ባሳተመው ሥራ፣ አፈር ከዓለት የተፈጨ ትቢያ ሳይሆን የአየር ንብረት፣ የሕያዋን፣ የመሬት አቀማመጥና የጊዜ ውጤት የሆነ ራሱን የቻለ አካል መሆኑን ገልጾ ነበር። የጀርመኑ ሊቢግ ያስፋፋው የዝቅተኛው ሕግ ደግሞ ምርት የሚወሰነው እጅግ በጎደለው ነገር መሆኑን ያስተምራል፤ ቁመታቸው የተለያየ ጣውላዎች የተገጠሙበት በርሜል ውኃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ጣውላ ድረስ ብቻ ነውና። ሁለቱን አጣምረን ኮኪትን ስንመለከት አንድ ነገር ይገለጣል። በዚህ ቆላ አጭሩ ጣውላ ብዙውን ጊዜ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ጭራሹን የለም፤ ውኃ ነውና።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የሐብሐብ ቂጥ መበስበስ ነው። ፍሬው ከአበባው በኩል ይጠቁርና ይበሰብሳል። የዕፅዋት ሐኪሞች ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ የካልሲየም ማነስ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ገበሬው ወረቀቱን ሲገልጥ ግን «ካልሲየም፦ እጅግ ከፍተኛ» የሚል ያገኛል። ወረቀቱ ዋሸን? አልዋሸም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው በውኃ ላይ ተሳፍሮ ነው። አንድ ሳምንት ደርቆ የተሰነጠቀ፣ በሌላው ሳምንት የተጥለቀለቀ ዋልካ ቢሞላም አይሰጥም። እዚህ ላይ ኖራ የሚጨምር ገበሬ ገንዘቡን ከማፍሰሱም በላይ ፒኤቹን ይባስ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሐብሐብ የሚወደው ከ6 እስከ 6.8 ያለውን ሲሆን የቆላ ዋልካ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ነው። የሚያስፈልገው የመስኖውን ቀን ማቀራረብና መጠኑን ማስተካከል፣ ሥሩ አጠገብ ገለባ ማልበስ፣ ተክሉንም ውኃ በማይተኛበት ከፍ ባለ መደብ ላይ ማኖር ነው። ከዚህ የሚከፋው ስሕተት ደግሞ ፍሬ እንዲተልቅ በሚል ዩሪያ ማብዛት ነው። ሐረጉ ይንዠረገጋል፤ ቅጠሉ ያምራል፤ ፍሬው ግን ይዘገያል፤ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ልጡም ይሰነጠቃል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ናሙናው ትክክል ነው ብለን ነው። 2.4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም አፈርን ወክሎ ወደ ቤተ ሙከራ የሚሄደው አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚያም ውስጥ በፈሳሹ የሚነከረው ጥቂት ግራም ነው። ከከብት በረት አጠገብ፣ የሰሊጥ አገዳ ከተቃጠለበት ሥፍራ ወይም ከኩይሳ ላይ የተዘገነ አፈር ማሳውን አይወክልም። በማሳው ውስጥ በመጠማዘዝ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እኩል 20 ሳንቲ ሜትር እየቆፈሩ በንጹሕ ባልዲ ማደባለቅና ከዚያ መቀነስ ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ከኬሚካሉ አልፎ የጆንያው ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ ገበሬው እህሉንም ከሰሉንም የሚይዘው «በማዳበሪያ» ነው። ናሙናውም በዚያው በማዳበሪያ ሲላክ፣ በጆንያው ስፌት ውስጥ የቀረው ጥቂት ፍርፋሪ የድኻውን ማሳ በወረቀት ላይ ባለጸጋ ያደርገዋል። ቃሉ ራሱ እያስጠነቀቀን ሳለ የሚያስተውለው የለም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ቅራኔ እንመለስ። የምርመራ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላት ነው። ከቤተ ሙከራው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፤ ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ሪፖርት ይገባል፤ «ይህን ያህል ናሙና ተመርምሯል» ተብሎ ይቆጠራል። አፈሩን የሰጠው ገበሬ ግን መልሱን ያገኘው እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ አይታይም። ይህ ቢሮክራሲያዊ አሠራር ሳይንስን ከባለቤቱ ይነጥለዋል። ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ሰፊ መሬት የተከራየ ባለሀብት የአንድ ዓመት ስሕተቱን በሌላ ዓመት ሰሊጥ ያካክሳል፤ ኪራዩ ሲያበቃም የከሳውን መሬት ትቶ ይሄዳል። ሁለት ሄክታር ያለው ሠፋሪ ገበሬ ግን በብድር የገዛው ማዳበሪያ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ቢፈስ የሚሸጠው በሬውን ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተቀጣጠለው ጦርነት የድንበሩን ገበያ አናግቷል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ከመተማ ወደ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ ደጋግሞ አስተጓጉሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በከንቱ መድፋት የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ መድፋት ነው።

በመሆኑም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወረቀቱ በአማርኛ ይጻፍ፤ የዘዴው ስም፣ የናሙናው ጥልቀትና ቀን ይስፈሩበት፤ ከቁጥሩ ጎን በኪሎ ግራምና በሄክታር የተሰላ ምክር ይኑር፤ አንዱ ቅጂ ለገበሬው በእጁ ይሰጠው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ወረቀቱን ለገበሬው ከማንበቡ በፊት ከገበሬው ጋር ማሳውን ይዙር። ውኃ የሚተኛው የት ነው፣ ባለፈው ዓመት ምን ተዘራ፣ አረሙ የትኛው ነው ለሚለው መልሱ ያለው ከአራሹ ዘንድ ነው። በደጋ ሲያርስ የኖረና በዚህ ቆላ ሃያ ክረምት ያሳለፈ ሰው የሁለት አፈሮችን ጠባይ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት በየትኛውም ፈሳሽ ተሟሙቶ አይወጣም።

ቁጥሩን ለመፈተን ደግሞ ገበሬው የማንንም ፈቃድ አይሻም። ሐብሐቡን በሚተክልበት መሬት ላይ አራት አጫጭር መስመሮችን ይለይ። በአንዱ ምንም አይጨምር፤ በሁለተኛው ናይትሮጅን ብቻ፣ በሦስተኛው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ በአራተኛው ከሁለቱ ጋር ፖታሲየም ይጨምር፤ ፖታሲየም በገበያ ካልተገኘ የማድቤት አመድ በጥቂቱ ይሞክር፤ አመድም እንደ ኖራ ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ መጠኑ ይጠበቅ። ውኃው ለአራቱም እኩል ይሁን። ፍሬው ሲለቀም የየመስመሩ በሚዛን ይመዘን፤ የተሰነጠቀውና የበሰበሰውም ለብቻው ይቆጠር፤ ይህም በምርመራው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፍ። አዲሱን ናሙና ለመውሰድ አመቺው ወቅት ሰሊጡና ማሽላው ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ዋልካው ከመሰነጣጠቁ በፊት ገና ለዶማ በሚመችበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ከጀመረና አፈሩ በአካፋው ላይ ከተጣበቀ በኋላ የተወሰደ ናሙና በጥላ ሥር በንጹሕ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ከከረመ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን በመንገድ ላይ ይለወጣል።